እውነት ወይስ ተረት? ከባድ የድሮ መኪና የሚያነሳ ክሪክ አመራረጥ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ የቆመ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደገና ዞር ብሎ ማየት ጀምሯል። የአባት ላንድሮቨር፣ የመሥሪያ ቤት የነበረ ላንድክሩዘር፣ ሦስት ባለቤት የቀያየረ መርሴዲስ አቧራው ተጠርጎ ይፈተሻል። ጋራዥ ማስገባቱ ውድ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ወይም የሰፈሩ መካኒክ እዚያው ግቢ ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። ጎማ ይፈታል፣ ፍሬን ይታያል፣ ባሌስትራ ይቀየራል። ለዚህ ሁሉ መጀመሪያ መኪናው መነሳት አለበት።

ስለ ሞተርና ስለ ካርቡራተር ሲጠይቅ የሚውል ሰው ስለ ክሪክ ሲጠይቅ አይሰማም። ቤት ውስጥ ያለውን ያወጣል፤ ከሌለ ከጎረቤት ይዋሳል። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ግን ነፍሱን አደራ የሚሰጠው ለዚህ ዕቃ ነው። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል። ክሪክ ሲከዳ ሰው ይሞታል። ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲገዛም፣ ግቢ ውስጥ ሲሠራም ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ፤ እዚህ ያነሳኋቸው እነሱን ነው። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ብዙ ሰው የሚያታልሉትም እነዚሁ ናቸው።

«ቶኑ ከበዛ ደህንነቱም ይበዛል»

ግማሹ እውነት ነው። መኪናው ስንት እንደሚመዝን ሳይታወቅ ክሪክ አይመረጥም። ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ናት፤ ደህና የተባለ ክሪክ ሁሉ ያነሳታል። ላንድክሩዘር 60 ግን ወደ ሁለት ቶን ይጠጋል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን አንዳንዴ የሚገጥማቸው የ1959 ካዲላክ ከሁለት ቶን ያልፋል፤ በዘመኑ የብዙ አገር መሪዎች መኪና የነበረው መርሴዲስ 600 ደግሞ ሁለት ቶን ተኩል ገደማ ነው። ይህ ሁሉ ባዶ ክብደት ነው። ሙሉ ነዳጅ፣ የብረት ፖርቶመጋላ፣ ከኋላ የተረሳ የዕቃ ሳጥን ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ክሪኩ የሚሸከመው ሙሉውን ክብደት አይደለም። ፊቱ ብቻ ሲነሳ ግማሽ ያህሉ፣ አንድ ጎማ ብቻ ሲነሳ ሩብ ያህሉ ነው የሚያርፍበት። ከዚህ ተነስቶ «ለሁለት ቶን መኪና አንድ ቶን ክሪክ ይበቃል» የሚል አለ። አይበቃም። ከባዱ የብረት ሞተር ያለበት ወገን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ይመዝናል፤ ያረጀ ክሪክም አዲስ ሳለ የነበረው አቅም የለውም። እኔ የምይዘው መለኪያ ቀላል ነው፤ ክሪኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቢያንስ የመኪናውን ሙሉ ክብደት ያህል ይሁን። ስለዚህ ለሁለት ቶን መኪና ባለ ሦስት ቶን ክሪክ ቅንጦት አይደለም። ከአሜሪካ የሚላክ ክሪክ ላይ ደግሞ «3 ቶን» ሲል 6,000 ፓውንድ ማለቱ ነው፤ በእኛ ሚዛን 2,722 ኪሎ ይሆናል። የአሜሪካው ቶን ከምናውቀው ቶን ያንሳልና ስሌቱ ሲሠራ ይህ ይታሰብ።

ተረቱ ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው። ለጭነት መኪና የተሠራው፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚሠራው ክሪክ 10 ቶንም 20 ቶንም ያነሳል። «ይሄ እያለ ሦስት ቶኑን ምን አደርገዋለሁ?» ይላል ባለቤቱ። ችግሩ ኃይል ማነሱ አይደለም። የቆመበት እግር ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም፤ ከላይ መኪናውን የሚነካው ራሱ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። መኪናው ትንሽ ወደ ጎን ቢንቀሳቀስ ክሪኩ አብሮ ያዘነብላል፤ የሚወድቀውም አቅም አንሶት ሳይሆን ሚዛን ስቶ ነው። በዚያ ላይ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ጎማው ተንፍሶ ዝቅ ያለ መኪና ሥር ጭራሽ አይገባም፤ ያን ጊዜ ሰው ክሪኩን አጋድሞ ለመጠቀም ወይም ጉድጓድ ለመቆፈር ይነሳል።

የጋራዥ ክሪክ የሚባለው፣ ዝቅ ብሎ በአራት የብረት ጎማ የሚንከባለለውና በረጅም እጀታ የሚሠራው፣ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መሠረቱ ሰፊ ስለሆነ ነው። ከነሱም ውስጥ መለየት ያስፈልጋል። በየሱቁ የተደረደረው ትንሹ «2 ቶን» ተብሎ ቢጻፍበትም በአንድ እጅ ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ አሥር ኪሎ ቢሆን ነው። መሠረቱ አጭርና ጠባብ ነው፤ ከፍታውም ትንሽ ነው። ባለ ሦስት ቶኑ የብረት የጋራዥ ክሪክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሻጩ «ባለ 3 ቶን ነው» ብሎ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ካቀበላችሁ፣ ብረቱ ለምን እንደቀለለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አንዳንዶች «ከአቅሙ በላይ ከሆነ ራሱ እምቢ ይላል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ደህና ክሪክ ጭነት ሲበዛበት ዘይቱን ወደኋላ የሚመልስ ቫልቭ አለው። ቫልቩ የሚጠብቀው ግን ክሪኩን ነው። መኪናው ወደ ጎን እንዳይንሸራተት፣ መሬቱ እንዳይሰምጥ፣ አሮጌ የዘይት ማሸጊያ ጎማ እንዳይፈነዳ የሚያደርገው ነገር የለም። «አላነሳ አለኝ» ብሎ የቫልቩን ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ደግሞ ያለችውን አንዲት መከላከያ በገዛ እጁ ያጠፋል።

«ክሪክ አንዴ ካነሳ ይይዛል»

ይህ ፍጹም ተረት ነው፤ ከሁሉም የከፋውም ይህ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ወደ ውስጡ መግባት ይጠይቃል።

ሐሳቡ የፈረንሳዊው የብሌዝ ፓስካል ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የተጫነበትን ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ በዚህ ላይ ተመሥርቶ የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን እ.ኤ.አ. በ1795 በስሙ አስመዘገበ። ኒው ዮርክ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ዳጀን ደግሞ በ1851 ተንቀሳቃሽ የሃይድሮሊክ ክሪክ አስመዘገበ። ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ያለው ክሪክ በመሠረቱ ከዚያ አይለይም። ለምሳሌ እጀታው የሚገፋት ትንሿ ፒስቶን አንድ ሳንቲሜትር፣ ትልቁ አራት ሳንቲሜትር ስፋት ቢኖራቸው፣ ትልቁ የሚያወጣው ኃይል የትንሿን 16 እጥፍ ይሆናል። የእጀታው ርዝመት ሲጨመርበት አንድ ሰው በእጁ ከቶን በላይ ያነሳል።

ሁለት ቶኑ መኪና ከላይ ሲሆን ይዞት የቆመው ምንድን ነው? ጥቂት ዘይት ነው። ዘይቱ እንዳይወጣ የያዘው ደግሞ በትልቁ ፒስቶን ዙሪያ ያለ የጎማ ቀለበት፣ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የአተር ፍሬ የምታክል የብረት ኳስ፣ እና ለማውረድ የምንፈታው ቡሎን ነው። ኳሷ በተቀመጠችበት ጠርዝ ላይ አንዲት የብረት ብናኝ ብትቀረቀር ዘይቱ ቀስ እያለ ያልፋል፤ መኪናውም ማንም ሳያስተውለው ይወርዳል። የጎማው ቀለበት ደርቆ ከተሰነጠቀ ደግሞ ቀስ ማለት የለም። ፊሽካ አይነፋም፣ ድምፅ አያሰማም፣ በአንድ ጊዜ ይለቃል። እጀታውን በእግሩ የመታ ልጅ ወይም ዘወር ሲል የነካው ረዳትም ያንኑ ያደርጋል፤ በብዙ የጋራዥ ክሪኮች ላይ ማውረጃው እጀታውን በማዞር የሚሠራ ነውና።

ለዚህ ነው የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ለመኪና ማንሻዎች ያወጣው መስፈርት ክሪክን ማንሻ ብቻ አድርጎ የሚያየው። ክሪኩ ላይ በሚለጠፈው ማስጠንቀቂያ ላይ መኪናው እንደተነሳ ወዲያው በሌላ ነገር መደገፍ እንዳለበት ይጻፋል። የሚደግፈው ዕቃ የብረት ስታንድ ነው። በስታንድ ውስጥ ዘይት የለም፣ የጎማ ቀለበት የለም፤ ብረት በብረት ላይ ተቀምጦ ይይዛል። አዲስ ክሪክ፣ ውድ ክሪክ፣ ከጀርመን የመጣ ክሪክ ቢሆንም ያለ ስታንድ ማንም ሥሩ አይግባ። ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ እጅን ብቻ ለማስገባትም ቢሆን።

ያገለገለ ክሪክ ሲገዛ የሚሠራ ፈተና አለ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ መኪና ያንሱበት፤ ከመሬት እስከ ክሪኩ ራስ ያለውን ቁመት በሜትር ይለኩ፤ ማንም ሥሩ ሳይገባ ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ ከዚያ እንደገና ይለኩ። ከወረደ ዋጋው ስንትም ቢሆን አይግዙት። ካልወረደ ደግሞ አወራረዱን ይዩ። ማውረጃው በጥቂቱ ሲፈታ መኪናው በዝግታ ሊወርድ ይገባል። ወይ አልወርድም የሚል ወይ በአንዴ ዱብ የሚል ከሆነ ለከባድ መኪና አይሆንም። በፒስቶኑ ዙሪያ የረጠበ አቧራም ይፈልጉ፤ ዘይት የሚያፈስ ክሪክ ቢጠረግም በሁለት ሦስት ጊዜ ሥራ ተመልሶ ይረጥባል።

ይህ ነገር ከክሪክም አልፎ ራሱ መኪናው ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1975 የተሠራው ሲትሮየን ዲኤስ በጋዝና በዘይት ግፊት ላይ የሚቀመጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆይ ግፊቱ ይወርድና መኪናው ወደ መሬት ይሰምጣል። ከፍ ብሎ ቆሟል ብሎ ያለ ስታንድ ሥሩ የሚገባ ሰው ክሪክ ባይጠቀምም ያው አደጋ ላይ ነው።

«ብሎኬት ቤት ከተሸከመ መኪና አይከብደውም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ብሎኬትን የሚያውቁት ግድግዳ ውስጥ ነው። እዚያ ክብደቱ በመላው ገጽ ላይ ተከፋፍሎ፣ በስሚንቶ ተያይዞ፣ ቀጥታ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። መኪና ግን ብሎኬቱ ላይ በአንድ ጠባብ የብረት ጫፍ ያርፋል፤ ቡሎን ለመፍታት ሲታገሉም ወደ ጎን ይገፋዋል። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። እንጨት ሲከብደው ይጮኻል፣ ብረትም ሲከብደው ይጎብጣል፤ ብሎኬት ግን አስቀድሞ የሚያሳየው ምልክት የለም። እስከ መጨረሻው ደህና መስሎ ይቆይና በአንዴ ይፈራርሳል። አግድም ሲቀመጥማ ይብሳል።

ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደር፣ ቸርኬ በቸርኬ ላይ መከመርም ከዚህ አይሻልም። ስታንድ በሌለበት አማራጩ አንድ ነው፤ ጎማ መቀየር ብቻ፣ ሥር አለመግባት።

«የእጅ ፍሬን ከተያዘ መኪናው ንቅንቅ አይልም»

በአብዛኛው መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ስለዚህ የኋላው ሲነሳ ፍሬን የያዛቸው ጎማዎች አየር ላይ ናቸው፤ መሬት የነኩት የፊቶቹ ደግሞ እንደ ልባቸው ይዞራሉ። ለአዲስ አበባ ዳገት ይህ ብቻ በቂ አደጋ ነው።

ላንድሮቨር ላይ ግን ከዚህም የባሰ አለ፤ አገራችን ውስጥ ላንድሮቨር ብዙ ሰው እጅ ስለገባ በደንብ ላስረዳ። የድሮዎቹ ላንድሮቨሮች የእጅ ፍሬን ጎማዎቹ ላይ የለም። ከካምቢዮው ጀርባ፣ ኃይል ወደ ኋላ በሚወስደው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ታምቡር ናት የምትይዘው። አራቱም ጎማ መሬት ሲነካ ይህች ታምቡር ዘንጉን ስትይዝ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ይያዛሉ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ሲያነሱት ግን ዲፈረንሻሉ ሥራውን ይሠራል፤ ዘንጉ ቢቆምም መሬት ያለው ጎማ ወደ ፊት ሲዞር አየር ላይ ያለው ወደ ኋላ ይዞራል። የእጅ ፍሬኑ እስከ ጥጉ ተስቦም መኪናው ከክሪኩ ላይ ወርዶ ይሄዳል። ብዙ ሰው «ፍሬኑ ከዳኝ» የሚለው በዚህ ነው፤ ፍሬኑ ግን አልከዳውም። የመጀመሪያዎቹ ላንድክሩዘሮች ላይም የእጅ ፍሬኑ እንዲሁ ዘንጉ ላይ ነበር። በአውቶማቲክ መኪና «ፒ» ላይ ማቆም፣ ወይም በማኑዋል አንደኛ ማርሽ አስገብቶ መተውም የሚይዘው በዚያው ዘንግ በኩል ስለሆነ በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ያው ጉድለት አለበት።

መፍትሔው የጭነት መኪና ረዳቶች ጠንቅቀው የሚያውቁት ታኮ ነው። መሬት ላይ የሚቀሩት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም በታኮ ይያዙ። ለዓይን ያህል የተጣለ ጠጠር ሳይሆን ጎማው ሥር ጥብቅ ብሎ የገባ፣ ጠርዝ ያለው እንጨት ወይም ለዚሁ የተሠራ ታኮ ይሁን። ላንድሮቨር ከሆነ የፊቱንም ማርሽ ማስገባት ይረዳል፤ ታኮውን ግን አይተካም።

መኪናው በታኮ ሲያዝ ክሪኩ ደግሞ መንከባለል መቻል አለበት። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። የጋራዥ ክሪክ ክንዱ ከአንድ ጫፍ ታስሮ በቅስት ነው የሚነሳው፤ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ክንዱ 50 ሳንቲሜትር ቢሆንና ራሱ ከታሰረበት ቦታ 35 ሳንቲሜትር ከፍ ቢል፣ ወደ እጀታው በኩል 14 ሳንቲሜትር ያህል ይመለሳል። መኪናው ስለማይንቀሳቀስ ያን ርቀት ክሪኩ ወደ መኪናው ሥር እየተንከባለለ ነው የሚያካክሰው። ጎማዎቹ ኮብልስቶን መካከል ከገቡ፣ ጠጠር ከያዛቸው ወይም ለስላሳ አፈር ውስጥ ከሰመጡ አይንከባለልም። ያን ጊዜ ወይ ራሱ ከመኪናው ይንሸራተታል፣ ወይ መኪናውን ይጎትተዋል። ጥሩ ክሪክ መጥፎ መሬት ላይ መጥፎ ክሪክ ነው። ኮብልስቶን ወይም አፈር ግቢ ያለው ሰው ወፍራም የብረት ሳህን ያንጥፍ፤ ሳህኑ ክሪኩ የሚሄድበትን ያህል ይርዘም። ዳገት ላይ ከሆነ ግን ሜዳ ይፈልግ።

«ስታንድ ካለ ሥጋት የለም»

ስታንድ የግድ ነው ስል ማንኛውም ስታንድ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው የአሜሪካ የመሣሪያ መደብር ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን የብረት ስታንዶች እንዲመለሱ ጠራ። ቁጥራቸው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበር። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ማምረቻ መሣሪያው በማርጀቱ፣ የስታንዱ ዓምድ ጥርሶችና እነሱን የሚነክሰው መቆለፊያ በሚገባ አይነካከሱም ነበር። መኪናው ላዩ እያለ ትንሽ ቢነቃነቅ ዓምዱ ሊወርድ ይችላል። በዚያው ዓመት ለምትክ ከተሰጡት ባለ 3 ቶን ስታንዶች ውስጥም የተወሰኑት በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠሩ። ከአሜሪካ በሻንጣም በኮንቴይነርም ዕቃ የሚላክላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸውና ፒትስበርግ የሚል ጽሑፍ ያለበት የቆየ ስታንድ ያላችሁ የሞዴል ቁጥሩን አረጋግጡ።

እኔ ብመርጥ ጥርስ ካለው ይልቅ ወፍራም ፒን በቀዳዳ የሚገባበትን እመርጣለሁ። ከፍታውን በትንሽ በትንሹ ማስተካከል አይቻልም፤ ግን ፒኑ ገብቶ ከወዲያ ማዶ መውጣቱ በዓይን ይታያል። ጥርስ ያለው ከሆነም መቆለፊያው እስከ ጥርሱ ግርጌ መግባቱን ጎንበስ ብሎ ማየትና ወደ ታች በእጅ መግፋት ነው።

ስታንድ ላይ የተጻፈው ቶንም ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ለጥንዱ ነው። «3 ቶን» ሲል ሁለቱ አብረው ሦስት ቶን ይይዛሉ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉ ሙሉውን ይነበብ። መኪናው ስታንድ ላይ ካረፈ በኋላ ከመሬት ሆኖ በጉልበት መወዝወዝ ያስፈልጋል። የሚወድቅ ከሆነ ሰው ሥሩ ሳይገባ ይውደቅ። ከዚያም ክሪኩ ከብረቱ ጋር ተነካክቶ እዚያው ይቆይ፤ የተፈታው ጎማም ከበሩ ሥር ይጋደም። ይህ ሁሉ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

«የድሮ ብረት ነው፣ የትም ቢነሳ አይጎዳም»

የድሮ ብረት ወፍራም ነበር፤ ልክ ነው። ግን ስንት ክረምት አልፎበታል? ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ወፍራም ሻንሲ አላቸው፤ እነሱ ላይ ሻንሲው ወይም አክስሉ ጥሩ ማንሻ ቦታ ነው። ቮልስ ላይ ግን አምራቹ ክሪክ እንዲገባበት ያዘጋጀው ቦታ ከበሩ በታች ነው፤ ውኃ የሚጠራቀምበትም እዚያው ነው። ከላይ ቀለም ተቀብቶ ያምራል፤ ውስጡ ዝገት በልቶት ላሜራው እንደ ወረቀት ሳስቷል። ክሪኩ ሲገፋው ብረቱን በስቶ ይገባል፣ መኪናው ግን አይነሳም። ከማንሳት በፊት ቦታውን በካቻቢቴ ጫፍ ጠበቅ አድርጎ መውጋትና በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ይገባል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የበሰበሰው ዱም ይላል፣ ቅርፊትም ያራግፋል።

የሞተሩ ዘይት መያዣ በምንም መኪና ላይ ማንሻ ቦታ አይደለም። ዲፈረንሻሉን በተመለከተ ወፍራም የብረት ቤት ያለው የድሮ አክስል ይችላል፤ ከኋላው ቀጭን ክዳን ላይ ወይም አሉሚኒየም ላይ ግን ክሪክ አይደገፍም።

የድሮ መኪና ሞላዎችና ባሌስትራዎች ረጅም ስለሚዘረጉ ሌላም ነገር ይመጣል። ሻንሲውን ሲያነሱ አካሉ ይነሳል፣ ጎማው ግን መሬት ላይ ይቀራል። ክሪኩ ጥጉ ደርሶ ጎማው ገና አልተነሳም። ያኔ ሰው ክሪኩ ራስ ላይ የእንጨት ቁራጭ ይደራርባል፤ እንጨቱም ተሰንጥቆ ይወረወራል። ስለዚህ ክሪክ ሲገዛ ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ቁመት ይጠየቅ። ለላንድክሩዘር ዓይነት መኪና 50 ሳንቲሜትር ያህል የሚደርስ ክሪክ ይመረጣል፤ ካልተገኘም በአክስሉ ማንሳት ነው። ብረት በብረት ላይ እንዳይንሸራተት ከእንጨት ይልቅ ክሪኩ ራስ ላይ ልክ የሚገባ ወፍራም ጎማ ይሻላል።

«ዘይት ያው ዘይት ነው»

ክሪክ ሲደክም ቤት ውስጥ የተገኘ የፍሬን ዘይት የሚሞሉበት ሰዎች አሉ። ለጊዜው ያነሳል። የተለመደው የፍሬን ዘይት ግን የማዕድን ዘይት አይደለም፤ በክሪክ ውስጥ ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያሳብጣል፣ ያለሰልሳል፣ በመጨረሻም ያበላሻቸዋል። በተቃራኒው የክሪክ ዘይት ፍሬን ውስጥ ቢገባ የፍሬኑን ጎማዎች ይጨርሳል። የተቃጠለ የሞተር ዘይትም የብረት ብናኝ የተሸከመ ነው፤ ያቺ ኳስ ሥር የሚቀረቀረው እሱ ነው። ለክሪክ የሚሆነው ቀጭን የሃይድሮሊክ ዘይት ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ዕቃ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የፍሬን ዘይት የገባበት ክሪክ ታጥቦ ቀለበቶቹ ካልተቀየሩ አይታመንም።

«አሉሚኒየም ደካማ ነው»

አይደለም። ባለ 3 ቶን አሉሚኒየም ክሪክና ባለ 3 ቶን ብረት ክሪክ በአንድ መስፈርት ከተሠሩ የሚፈተኑት በአንድ ዓይነት ጭነት ነው። አሉሚኒየሙ ለመሸከም ይቀላል፣ ዋጋው ይወደዳል፣ በመዶሻ ሲመታና ሲወድቅ ደግሞ ቶሎ ይሰነጠቃል። ከአንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ ክሪክ ለሚፈልግ ሰው ብረቱ ይሻላል።

ገበያ ለሚወጣ አንባቢ የማስቀድመው ስታንድን ነው። ገንዘብዎ ለክሪክ ወይም ለስታንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለት ስታንድ ይግዙ፤ ክሪክ ለአንድ ቀን ከጎረቤት ይዋሱታል። ቀጥሎ ታኮ፣ ከዚያ ባለ 3 ቶን የጋራዥ ክሪክ። መኪናዎን ግቢዎ ድረስ መጥቶ የሚሠራ የሰፈር መካኒክ ካለ ደግሞ ስታንድ ይዞ መምጣቱን ሥራ ሳይጀምር ይጠይቁት። ከሌለው የራስዎን ያቅርቡለት፤ በክሪክ ብቻ ልግባ ካለ አይፍቀዱለት።